ማንኪያና ሳንቃ

በቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ውስጥ አንድ አጭር ትዕይንት አለ። ጣሊያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና መውጣቷ ነው። አንቶኒዮ ከረጅም ሥራ ፈትነት በኋላ በየግድግዳው ፖስተር የመለጠፍ ሥራ አግኝቷል፤ ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ብስክሌቱ ግን በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ ማሪያ ነገር አላበዛችም። አልጋቸውን ገፍፋ አንሶላዎቹን ጠቀለለች፤ መያዣ ቤት ይዘዋቸው ሄዱ፤ በመስኮቱ በኩል ተከራክራ ትንሽ አስጨመረች። ቀጥሎ አንቶኒዮ ብስክሌቱን ሊረከብ ቆሞ ሲጠብቅ አሻግሮ ያያል። ሠራተኛው የእነሱን ጥቅል ታቅፎ መደርደሪያውን እየረገጠ ወደ ላይ ይወጣል። ካሜራው አብሮት ቀና ይላል። መደርደሪያው እስከ ላይ ድረስ በአንሶላ ጥቅል ተሞልቷል። በሮም ስንት አልጋ ባዶውን እንደቀረ የሚነግረን ሰው የለም። አንቶኒዮ ብስክሌቱን ተቀበለ፤ ፊልሙም መንገዱን ቀጠለ።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። አንቶኒዮን የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የብስክሌቱን መሰረቅና የትንሹን ልጅ የብሩኖን ፊት ሁሉም ያወሳዋል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጠብቀው ያንን መደርደሪያ ነው። ሠራተኛው እየወጣ ሳለ «ችግር በዛ» ብሎ ቢተነፍስ፣ ወይም ካሜራው ወደ አንቶኒዮ ተመልሶ እንባውን ቢያሳየን፣ ትዕይንቱ እዚያው ይሞት ነበር። ሰውየው የዕለት ሥራውን እየሠራ ነው፤ ለእሱ አንድ ተራ ጥቅል ነው። ልብ የሚሰብረውም ይሄ ነው።

እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ፊልም የማይ ሰው ነኝ። ሰው «ምን ልይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን የምመርጥበት መስፈርት አለኝ። ሠሪው ለእኔ የተወው ሥራ አለ ወይ? ያየሁትን ከሰማሁት ጋር አጋጥሜ እኔው የምጨርሰው ነገር ሰጥቶኛል ወይ? ሁሉን ተናግሮ የሚጨርስ ፊልም ሲያልቅ አብሮ ያልቅብኛል። በዚህ መስፈርት ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ የፈረንሳዊው የሮቤር ብሬሶን ሥራ ነው።

ፊልሙ «ሞት የተፈረደበት ሰው አመለጠ» ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። መጨረሻው ርዕሱ ላይ ተጽፏል። ሁለተኛ ርዕስም አለው፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ክርስቶስ ለኒቆዲሞስ ስለ ነፋስ ከነገረው የተወሰደ። ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘን መጨረሻውን ደብቆ ነው። ብሬሶን መጨረሻውን ገና ሳንቀመጥ አስረከበን። የቀረን «እንዴት?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ፊልሙም አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ከዚህ ጥያቄ ንቅንቅ አይልም።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። አንድሬ ዴቪኚ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን የጀርመንን ወረራ በኅቡዕ ሲታገል ተይዞ ሊዮን ከተማ በሚገኘው ሞንሉክ እስር ቤት ነበር፤ ሞት ተፈርዶበት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1943 አመለጠ። ብሬሶን እዚያው ሞንሉክ ድረስ ሄዶ ቀረጸ፤ ዴቪኚም በአማካሪነት አብሮት ነበር። ብሬሶን ራሱም በጦርነቱ ጊዜ በጀርመኖች እጅ ተማርኮ ያውቃል። ፎንቴን የተባለውን ዋና ገጸ ባሕርይ የያዘው ፍራንሷ ለቴሪዬ ደግሞ ተማሪ ነበር፤ ከዚያ በፊት ተውኖ አያውቅም። ብሬሶን የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነበር። ቃሉን ደጋግሞ እያስባለ የትወናው ወዝ እስኪጠፋ ድረስ ያለፋዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ይህ ሊደርቅበት ይችላል፤ ፎንቴን አይጮህም፣ አያለቅስም፣ ፊቱም ብዙ አይለዋወጥም። ፊቱ ዝም ሲል ግን ዓይናችን ወደ እጁ ይወርዳል። ካሜራውም የሚፈልገው ወደዚያ እንድንሄድለት ነው።

ፊልሙ የሚከፈተውም በእጅ ነው። ፎንቴን በመኪና የኋላ ወንበር ወደ እስር ቤት እየተወሰደ ነው። አብረውት ያሉት እስረኞች ካቴና ገብቶላቸዋል፤ የእሱ እጅ ገና ነጻ ነው። ያ እጅ ቀስ ብሎ ወደ በሩ መክፈቻ ይሄዳል፤ ይመለሳል። መንገዱ ይታያል። ሾፌሩ ማርሽ ይቀይራል። ፎንቴን ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ በሩን ከፍቶ ዘለለ። እዚህ ላይ ማንም ዳይሬክተር ካሜራውን ይዞ ተከትሎት በሮጠ። ብሬሶን ካሜራውን መኪናው ውስጥ ተወው። ባዶው መቀመጫ ይታየናል፤ አጠገቡ የነበረው እስረኛ ንቅንቅ ሳይል ተቀምጧል፤ ከውጭ ሩጫና ተኩስ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ ፎንቴን ተይዞ እዚያው መቀመጫ ላይ ተመለሰ፤ ካቴናውም ገባለት። በዚያ ባዶ መቀመጫ ፊት የቆየንባቸው ሰከንዶች ፊልሙን እንዴት ማየት እንዳለብን አስተማሩን፤ ከእንግዲህ ብዙው ነገር ከዓይናችን ውጭ ነው የሚሆነው፣ ጆሮ ይንቃ።

ቀጥሎ ክፍሉና በሩ። በሩ ከወፍራም የኦክ ሳንቃ የተሠራ ነው። ፎንቴን ሥራ ፈትቶ ሲያየው ሳንቃዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው እንጨት ከሳንቃዎቹ የለሰለሰ መሆኑን ያስተውላል። አንድ የብረት ማንኪያ ይደብቃል፤ ጫፉን ከወለሉ ጋር እየሳለ መሮ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የምናየው የአናጺ ሥራ ነው። መሮው በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ይገባል፣ ይገፋል፣ ትንሽ ፍቅፋቂ ይወድቃል። እጁ ይቆማል፣ ያዳምጣል፤ እንደገና ይገፋል። የወደቀው ፍቅፋቂ አንድም ሳይቀር ይለቀማል፣ ይጠረጋል። በሩ ደግሞ ከውጭ ሲታይ እንደ ትናንቱ መምሰል አለበት፤ ስለዚህ መሥራት ብቻ ሳይሆን የሠሩትን መደበቅም ሌላ ሥራ ነው። ብሬሶን ይህን ሁሉ በቅርብ ያሳየናል፤ ግን አያዘገየውም። ማንኪያው አንዴ ገፋ፣ እግር ኮቴ ተሰማ፣ ሌላ ቀን ሆነ። ሳምንታት ማለፋቸውን የምናውቀው ከሳንቃው ነው።

ድምፁ እዚህ ላይ ትልቁን ሥራ ይሠራል። የማንኪያው ፍቅታ ጎላ ብሎ ነው የገባው፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ድምፅ ስለሌለ እያንዳንዱ ግፊት ጠባቂውን የሚጠራ ይመስላል። ጠባቂው ራሱ ብዙ ጊዜ አይታይም። የሚሰማው ቁልፉ ነው፤ ደረጃውን ሲወርድ ከብረቱ መደገፊያ ጋር ያጋጨዋል። ያንን ድምፅ ጥቂት ጊዜ ከሰማን በኋላ ጠባቂው የት እንደደረሰ፣ ስንት እርምጃ እንደቀረው ራሳችን እንቆጥራለን። ይህን ፊልም በስልክ ድምፅ ማጉያ የሚያይ ሰው ግማሹን እንዳላየ ይቁጠረው። ጆሮ ላይ የሚሰካ ማዳመጫ ግድ ነው፤ ለሌላ ፊልም እንዲህ አልልም።

ተራኪው ፎንቴን ራሱ ነው። ድምፁ ረጋ ያለ ነው፤ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንዳሰበ በአጭሩ ይናገራል። ፍርሃቱን አይተነትንም። አንዳንዴ አሁን እጁ ሲሠራ የምናየውን ነገር ይናገረዋል፤ መጀመሪያ ይህ ድግግሞሽ አላስፈላጊ ይመስል ይሆናል፤ ለእኔ ግን ሥራው ሁለት ጊዜ የተሠራ ያህል ይጸናል። አንዴ በእጅ፣ አንዴ በቃል።

ከበሩ ቀጥሎ ገመድ ያስፈልጋል። ጨርቅ ይቀደዳል፤ የአልጋው ሽቦ ይፈታል፤ ጨርቁ ከሽቦው ጋር ተጠማዝዞ ይገመዳል። እዚህ ጋ ኦርሲኒ የተባለ ሌላ እስረኛ አለ፤ ቀድሞት ለማምለጥ ሞክሮ ተይዟል፤ ሞቱም እርግጥ ነው። ከመገደሉ በፊት ፎንቴን ያላወቀውን ነገር ያስተላልፍለታል፤ ግንቡን ለመሻገር ሜንጦ ያስፈልጋል፣ ብረቱ ደግሞ ከፋኖሱ ማቀፊያ ይወጣል። ፎንቴን ሜንጦውን ይሠራል። ሜንጦው በታየ ቁጥር ኦርሲኒ ይታወሰኛል፤ ፊልሙ ግን ስሙን እየጠራ አያስለቅሰንም። ብረቱ እዚያ አለ፤ ይበቃል። በአጎራባቹ ክፍል ያለው ተስፋ የቆረጠ ሽማግሌ ብላንሼም መጀመሪያ የፎንቴንን ሥራ እንደ ሞኝነት ያየው ነበር፤ ኋላ ለገመዱ ይሁን ብሎ ብርድ ልብሱን ሰጠው። ስለ ሰው ልጅ መደጋገፍ ንግግር የለም፤ ብርድ ልብስ አለ።

ሁሉ ነገር ከተሰናዳ በኋላ ነው ልጁ የመጣው። ጆስት ይባላል፤ ገና ጎረምሳ ነው። የለበሰው ግማሹ የጀርመን፣ ግማሹ የፈረንሳይ የደንብ ልብስ ነው። የፎንቴን ክፍል ውስጥ አስገቡት። ሰላይ ይሁን አይሁን አይታወቅም። ፎንቴን ወይ ሊገድለው ወይ ይዞት ሊሄድ ነው፤ ይህን የሚወስነው ከልጁ ጋር አንድ ክፍል ተኝቶ ነው። ያን ያህል ሳምንት የታመነውና የታሰበበት የእጅ ሥራ አሁን ሰው አይቶ በመመዘን ላይ ተንጠለጠለ። ሰው እንደ ሳንቃ ተፍቆ ልስላሴው አይታወቅም። በመጨረሻ ይዞት ሄደ፤ ግንቡ ላይ ሲደርሱም አንድ ሰው ብቻውን ሊያልፈው የማይችለው ቦታ መኖሩ ታየ።

የመጨረሻው ሌሊት ከሞላ ጎደል በጆሮ የሚታይ ነው። ጣሪያው ላይ ጠጠር አለ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ይንኮሻኮሻል። በአቅራቢያ ባቡር ያልፋል፤ ባቡሩ ሲጮህ ይራመዳሉ፣ ሲያልፍ ይቆማሉ። ፎንቴን አንድ ዘብ መግደል ግድ ይሆንበታል። ግድግዳው ጥግ ተለጥፎ ይጠብቃል፤ ከዚያ ከጥጉ ወዲያ ይሰወራል፤ እኛ ግድግዳውን እያየን እንቀራለን። ሲመለስ ሥራው አልቋል። የሞተው ሰው ፊት ለትርኢት አልቀረበም። ይህ ጨዋነት ለእኔ ከማንኛውም የግድያ ትዕይንት ይበልጥ ይከብዳል። የመጨረሻው ግንብ ላይ ደግሞ አንድ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። ምን እንደሆነ አይገባንም። ፎንቴን አንገቱን አስግጎ ሲያይ በሁለቱ ግንቦች መካከል በብስክሌት የሚዞር ዘብ ነው። አንድ ዘይት ያልጠጣ ብስክሌት ከታንክ ይልቅ ያስፈራል፤ ድምፁን አስቀድሞ ሰጥቶ ምስሉን ስላዘገየብን።

ሙዚቃውም ተቆጥቦ ነው የገባው። የሞዛርት ታላቁ የቅዳሴ ዜማ የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው፤ በተለይ እስረኞቹ ባልዲያቸውን ይዘው ለመድፋት በግቢው ሲሰለፉ። ለአፍታ ብቻቸውን ያልሆኑበት ሰዓት ያ ነው። ስለዚህ ሙዚቃው እዚያ ቦታ የገባው ለስሜት ማሞቂያ አይመስለኝም። ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1957 በካን ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራ ነው።

«ይሄ ሁሉ ለፈረንጅ እስር ቤት ነው፤ ለልጆች የሚሆን የለም ወይ?» የሚለኝ ዘመድ አለ። አለ። የኢራኑ አባስ ኪያሮስታሚ እ.ኤ.አ. በ1987 የሠራው «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» ከልጅ ጋር ተቀምጦ የሚታይ ነው፤ የጭንቀቱ ብዛት ግን ከብሬሶን አያንስም። አህመድ የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ ነው። አጠገቡ የሚቀመጠው ነማትዛዴ የቤት ሥራውን በደብተሩ ስላልሠራ መምህሩ አስለቀሰው፤ ከደገመ ከትምህርት ቤት እንደሚባረርም ነገረው። አህመድ ቤቱ ገብቶ ቦርሳውን ሲከፍት የጓደኛውን ደብተር ይዞ መጥቷል፤ ሽፋናቸው አንድ ነው። ደብተሩን መመለስ አለበት። ጓደኛው የሚኖረው ከተራራው ወዲያ፣ ፖሽቴ በሚባል መንደር ነው፤ ቤቱን አያውቀውም።

የዚህን ፊልም አሠራር ማየት የሚፈልግ ሰው አህመድ ለእናቱ ነገሩን ለማስረዳት የሚሞክርበትን ክፍል ይመልከት። እናት ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ነው። «የጓደኛዬን ደብተር ይዤ መጣሁ» ይላታል። የቤት ሥራህን ሥራ ትለዋለች። ደግሞ ይነግራታል። ሕፃኑን አስተኛው፣ ያንን አቀብለኝ ትለዋለች። ክፉ እናት አይደለችም፤ እጇ ሥራ ላይ ነው፣ ጆሮዋ ሌላ ነገር ጠብቋል። አህመድ ሁለቱንም ደብተር አንስቶ ጎን ለጎን ያሳያታል፤ ማስረጃው ከእሷ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፣ አላየችውም። የልጅ ትዕግሥት ሲያልቅ እንዴት እንደሚመስል ሲኒማ ውስጥ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። አያቱ ደግሞ ሲጋራ ኪሱ ውስጥ እያለ አምጣልኝ ብሎ ይልከዋል፤ ልጅ ታዛዥነትን እንዲለምድ ነው ብሎ ለጎረቤቱ ያስረዳል። ይህን አያት አማርኛ ተናጋሪ ተመልካች ማንም ሳያስተዋውቀው ያውቀዋል።

አህመድ እየሮጠ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ያለበት ኮረብታ፣ አናቱ ላይ አንድ ዛፍ ብቻውን የቆመበት፣ ዛሬ በየፊልም መጽሐፉ የሚታይ ምስል ነው። መንገዱን ኪያሮስታሚ ለፊልሙ ብሎ ነው ያሠራው። ይህን ሳውቅ አድናቆቴ ጨመረ። ቀጥ ያለ መንገድ ቢሆን ልጁ ይወጣና ያበቃል፤ ጠመዝማዛው ግን ልፋቱን ሁሉ በአንድ ዕይታ ያስቀምጥልናል፤ ወዲህ ሲሮጥ፣ ወዲያ ሲዞር፣ ትንሽ ከፍ ሲል። ፖሽቴ ደርሶ ነማትዛዴ የተባለ ሌላ ሰው ልጅ ሲያገኝ ደግሞ ያ ልጅ በር ተሸክሟል፤ በሩ ፊቱን ሸፍኖታል፤ እግሩ ብቻ ይታያል። ጓደኛው ይሁን አይሁን አህመድም እኛም አናውቅም። ቀልድ የሚመስል አቀማመጥ ነው፤ ልብ ግን ያስመታል። ደብተሩ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚሆን አልናገርም። ብሬሶን መጨረሻውን ርዕሱ ላይ ጽፏል፤ ኪያሮስታሚ ደብተሩ ውስጥ ነው የደበቀው።

ከሀገራችን ሥራ በዚህ ዓይን ስመዝን ቀድሞ የሚመጣልኝ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ነው። የወጣው በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የተቀረጸው ግን የንጉሡ ሥርዓት በሚፈርስበት በ1974 ነው። በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ሁለት ሳምንት ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ፣ የትወና ልምድ ከሌላቸው ገበሬዎች ጋር የተሠራ ነው። ካሜራውን የያዘው ኤሊየት ዴቪስ ነበር። የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ውሎ ነው፤ ያርሳሉ፣ ከብት ይጠብቃሉ፣ ባለርስቱ ይቆጣቸዋል። መሬቱን የተነጠቀውና መንደሩ እንደ እብድ የሚያየው ከበበ ደግሞ ሌላው የማይደፍረውን ይናገራል።

ካሜራው ብዙ ጊዜ ከሩቅ ነው፤ ቅርብ የሚመስለው ሩቅ አቅራቢ ሌንስ ስለተጠቀመ ነው። ገበሬውና በሬዎቹ ከኮረብታው ጋር ተለጥፈው ይታያሉ፤ ይራመዳሉ፣ ግን ቦታ የለቀቁ አይመስሉም። ሦስት ሺ ዓመት የሚለውን ርዕስ ይህ ሌንስ ብቻውን ያስረዳል። እርሻው አይቆረጥም፤ በሬው ዳር ደርሶ እስኪዞር፣ ማረሻው ተነሥቶ እንደገና አፈር እስኪነክስ እንቆያለን። ሰው እየጠራ ድምፁ ሜዳውን አቋርጦ እስኪደርስ ድረስ ያለው ክፍተትም አልተሞላም። ገጠር ያደገ ሰው ያንን ክፍተት ያውቀዋል።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የከበበ ንግግሮች አንዳንዴ ምስሉ ቀድሞ የነገረንን ይደግማሉ፤ እዚያ ላይ ኃይሌ ተመልካቹን በብሬሶን ልክ አላመነውም ብዬ አስባለሁ። ዘመኑን ሳስበው ደግሞ እረዳዋለሁ፤ ያ ንግግር ለዘመናት አፍ ውስጥ የተያዘ ነበርና ማን ያሳጥረዋል? የእርሻው ርዝመት ግን አንድ ደቂቃ እንዲቀነስበት አልፈልግም። ፊልሙ ኋላ ታድሷል፤ የታደሰው ቅጂ ላይ የአፈሩና የሰማዩ ግራጫ ለየብቻው ይታያል።

እንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሰው ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። ልጅ ያለው በኪያሮስታሚ ይጀምር፤ ብቻውን የሚያይ ማዳመጫውን ሰክቶ በብሬሶን። የኃይሌን ሥራ ደግሞ እርሻ ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ አባት ወይ አያት ካለ ከእነሱ ጋር፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ወደፊት ሳያሳልፍ ይየው። በሬው ሲዞር ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።